ናሙናውን ባላንጣ ይለካዋል

አክስቴ በማዘጋጃ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ስታገለግል የራሴ የምትለው ወንበር ኖሯት አያውቅም። የግዢ ክፍል ኃላፊ ስለነበረች ለሌላው ሰው ሁሉ ወንበር ስታስገዛ ኖራለች። እሷ ግን የምትቀመጠው በናሙና ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ወንበርም ሆነ ጠረጴዛ ማሠራት ሲፈልግ ጨረታ ያወጣል። ተጫራቾች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ አድርገው ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፤ የእጃቸውን ሥራ ደግሞ አንድ አንድ ናሙና ሠርተው ያመጣሉ። ያሸነፈው ሰው ናሙና፣ ዕቃው በሙሉ ተሠርቶ እስኪገባ ድረስ ማስተያያ እንዲሆን መሥሪያ ቤት ይቀራል። ሌላ ኃላፊ ቢሆን ግምጃ ቤት ወርውሮ ይረሳዋል። አክስቴ ግን ክፍሏ አስገብታ ትውልበት ነበር። ወንበርና ሰው ጠባያቸው የሚታወቀው አብረዋቸው ሲውሉ ነው ትል ነበር። አንዱ ናሙና በሦስተኛ ሳምንቱ እግሩ ሲላቀቅ ሠሪውን አስጠርታ፣ ያለ አንዳች ቁጣ ከወንበሩ ተነሥታ "እስኪ አንተ ደግሞ ተቀመጥበት" እንዳለችው በከተማው ሲወራ ኖሯል። በዚህ የተነሣ ከኋላዋ "ናሙና" ይሏት ነበር። ፊት ለፊት ግን ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላት።

ከተሸነፉትም መካከል ናሙናቸውን ሳይወስዱ የሚቀሩ ነበሩ። እነዚያን ለእንግዳ ታደርጋቸዋለች። አንደኛው እግሩ የሚያነክስ፣ ሲነኩት የሚያቃስት የእንጨት ወንበር ነበር። የማይገባውን ሊለምን የመጣ ሰው ሲቀመጥበት ይጮሃል ይባልለታል። እውነቱን ለመናገር ወንበሩ ለማንም ይጮህ ነበር፤ ግን የማይገባውን የሚለምን ሰው ረግቶ መቀመጥ ስለማይሆንለት አብዝቶ ያስጮኸዋል።

እኔ የታላቅ ወንድሟ ልጅ ነኝ፤ እቴቴ እያልኳት ነው ያደግሁት። በዚያው ማዘጋጃ ቤት፣ ከእሷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ መዝጋቢ ነበርኩ። ፈተናውን አልፌ የተቀጠርኩ ዕለት ደስ ይላታል ብዬ የመጀመሪያውን ፋይል ይዤ ወደ ክፍሏ በረርኩ። ቤት "አንቺ ቀልበ ቢስ" የምትለኝ ሴት ከመነጽሯ በላይ አየችኝና "ፋይሉን እዚያ ያኑሩት፤ ሲወጡ በሩን ይዝጉ" አለችኝ። ከሥራ ስንወጣ፣ ከግቢው በር አልፈን ጥቂት እንደራቅን፣ ጉንጬን ስማ ዘመዷን አስገባች እንዲባል ነው ወይ የፈለግሽው ብላ ገሠጸችኝ። ከዚያ ወዲያ ከበሩ ውጭ አንቺ፣ ከበሩ ውስጥ አንቱ ሆነን ኖርን።

ክፍሏ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነበረች። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ሲሆን ከዚያ በላይ ኖራ ነው። መሳቢያው በጉልበት ካልተገጨ የማይከፈት የብረት ቁም ሣጥን አለ። በመስኮቱ ሥር ሁለት ቁልፍ ያለው ቀይ የጨረታ ሳጥን ተቀምጧል፤ አንደኛው ቁልፍ ከእሷ ጋር፣ ሁለተኛው የኮሚቴው ሰብሳቢ ከነበረው መሐንዲስ ጋር ነው። ከሳጥኑ በላይ በምስማር የተንጠለጠለ የብረት ሜትር ነበር። ታሪኬ የሚዞረው በዚያ ሜትር ዙሪያ ነው።

በሌላው ቦታ ናሙና የሚለካው ኮሚቴ ነው። በእሷ ዘንድ ግን የአንዱን ተጫራች ናሙና የሚለካው ሌላው ተጫራች ነበር፤ በአዳራሹ መካከል፣ ሁሉም እያየ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየተናገረ። ይህን ሥርዓት ያመጣችው አንድ ጊዜ ኮሚቴው የወዳጁን አጭር ጠረጴዛ ረጅም አድርጎ ከለካ በኋላ ነው። ባላንጣ ሲለካ አንዲት ጣት እንኳ አይሰርቅም የሚል እምነት ነበራት። መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ ግን ተጫራቾቹ ራሳቸው ወደዱት። በእሷ አዳራሽ የተሸነፈ ሰው የሚያማው የገዛ መጋዙን ነው ይባል ጀመር።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ አናጢ ነው። ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲያርፉ እሱ የአሥራ ሰባት፣ እሷ የስድስት ዓመት ልጆች ነበሩ። እሱ ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ መጋዝ ጨበጠ፤ እሷን ግን አንድ ቀን ከትምህርት አላስቀራትም። ደብተር ሲያጥራት በተላገ ሳንቃ ላይ፣ በአናጢ እርሳስ፣ የማባዣ ሰንጠረዥ ትጽፍ ነበር። ማታ የጻፈችውን እሱ ጠዋት በመላጊያ ያነሣዋል፤ እሷም እንደገና ትጽፋለች። ሰባት ጊዜ ስምንትን ያወቅሁት አንድ ሙሉ ቁም ሣጥን ካለቀ በኋላ ነው ስትለን እንስቅ ነበር። መጽሐፎቿን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የሚለብድላት እሱ ነው። እኔም ከብዙ ዓመት በኋላ የተማርኩት በእነዚያው መጻሕፍት ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሚለው ምዕራፍ ኅዳግ ላይ የአባቴ የአውራ ጣት አሻራ በደረቀ ኮላ ታትሞ ነበር። ከመጽሐፉ ሁሉ እሱ አብሯት ያጠናው ያንን ምዕራፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ እሷ ጋሼ ስትለው በአፏ ውስጥ አባትም እናትም ነበሩበት።

ጨረታው የወጣው ለሦስት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሆን አራት መቶ ዴስክ ለማሠራት ነው። በዚያ ጊዜ የአባቴ ወርክሾፕ ቀዝቅዞ ነበር። ከውጭ የሚገባ የፕላስቲክ ወንበር ገበያውን ሞልቶት፣ ሦስት ሠራተኞቹ ከሥራ ይልቅ ወሬ ይልጉ ነበር። ያ ሥራ ከመጣ ወርክሾፑ ይተርፋል፤ ካልመጣ የእንጨት መላጊያ ማሽኑ ይሸጣል። አባቴ የጨረታውን ሰነድ ለመውሰድ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲመጣ የእሷን ክፍል አልፎ፣ እንደማንኛውም ሰው መስኮቱ ጋ ተሰልፎ፣ ፈርሞ ወሰደ። ስሙን ከመዝገቡ ላይ ያየችው ማግሥቱን ነው።

የእሑድ ምሳ ላይ የዘመድ ሁሉ ወሬ ያው ሆነ። የእናቴ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ ምክር ሲጀምር ፍሬን የሌለው ሰው ነው። ያቺ ልጅ የበላችው የወንድሟን ላብ ነው፤ አሁን ደግሞ ተራው የእሷ ነው፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ዘመድ ለዘመዱ የማይደርስበት እያለ ቆጠረ። መጨረሻ ላይ የታወቀውን ተረት አነሣ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ አልሰማሽም?"

"እኔ መቼ ተሾምኩ?" አለች አክስቴ እጇን እየታጠበች። "ተቀጠርኩ እንጂ።"

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ እሷንም ምንም አልጠየቃት። በሥራዬ ነው የምወዳደረው ብሎ ወደ ወርክሾፑ ወጣ።

ከመክፈቻው ቀን ሁለት ቀን ሲቀር ፋይል ይዤ ክፍሏ ሳለሁ የዋናው ኃላፊ ጉዳይ አስፈጻሚ ገባ። ከላይ የሚመጣ ቃል ሁሉ የሚመጣው በእሱ አፍ ስለነበር አፈ ቀላጤ ይሉታል። የሚጮኸው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጤናችን ጠየቀ። ከዚያም ዋናው ኃላፊ ወንድሟ በጨረታው መግባቱን ሰምተው እጅግ ደስ እንዳላቸው፣ እንዲህ ያለ ባለ ሙያ ቢያሸንፍ ማንም ቅር እንደማይለው ነገራት። ወንበሩ አንድ ጊዜ አቃሰተ። ቀጥሎ ከቦርሳው ሌላ ወረቀት አወጣ። ለጤና ጣቢያዎቹ የሚሆን የጣሪያ ቆርቆሮ ግዢ ነው። ምርጫው ሁለት ወር ስለቀረው ጣሪያዎቹ ከዚያ በፊት ተመርቀው መታየት አለባቸው፤ ጨረታ ለማውጣት ጊዜ የለም፤ አቅራቢው የታወቀ ነው፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

"ይኼ ከዚያኛው ጋር አይገናኝም፤ እትዬ" አለ።

ይገናኛል ያለው ሰው አልነበረም። ወንበሩ ግን በረጅሙ ጮኸ።

አክስቴ የወንድሟ ሥራ የሚታየው ሐሙስ መሆኑን፣ ይህኛውን ደግሞ ትቶላት ቢሄድ እንደምታነበው በትሕትና ነገረችው። ሲወጣ እስከ በሩ ሸኘችው። ተመልሳ ስትቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቢሮ ውስጥ አንቺ አለችኝ።

"አየሽ፣ ጉቦ በፖስታ ሲመጣ ቀላል ነው፤ ፖስታውን ትመልሽዋለሽ። ወንድምሽን ጉቦ አድርገው ሲያመጡልሽ ግን ምኑን ትመልሽዋለሽ?"

የዚያን ቀን ነገሩ ገባኝ። አባቴ በእሷ እጅ ካሸነፈ፣ በሥራው ብልጫ እንኳ ቢሆን፣ ከዚያ ወዲያ የእሷ ፊርማ የእነሱ ነው። በሥራው ተሸንፎ ከወጣ ደግሞ ያሳደጋትን ሰው በሕዝብ ፊት የጣለች እህት ትሆናለች።

ከኮሚቴው ልውጣ ብላ ደብዳቤ ጻፈች፤ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። መሐንዲሱ ደብዳቤውን አንብቦ ሳቀ። በዚህ ከተማ ዘመድ ያለው ሁሉ ይውጣ ከተባለ ጨረታውን የሚከፍተው ሳጥኑ ራሱ ነው አላት። እውነትም የእሱ የሚስቱ ወንድም ጥላ ያቀርብ ነበር፤ የሒሳብ ሹሙ የአክስት ልጅ ደግሞ ወረቀት። ደብዳቤው "ተቀባይነት የለውም" ተብሎ ተመለሰ። እሷም ከሥሩ በቀይ ጻፈችበት፤ እገኛለሁ፣ ፖስታ ከፍቼ አነባለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ ነጥብ አልሰጥም፣ ሜትርም በእጄ አልነካም።

ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት አዳራሹ ሞላ፤ እኔም ፋይል አቀባይ ሆኜ ከአክስቴ ጎን ቆሜያለሁ። አራት ተጫራቾች፣ አራት ናሙና ዴስኮች። ሦስቱ ደህና ሥራ ነበሩ። የአባቴን ዴስክ ግን ሰው እየዞረ ነበር የሚያየው። ምስማር አልነካውም፤ እንጨት ከእንጨት ጋር እንደ እጅ ጣቶች ተቆላልፎ ነው የቆመው። መቀመጫው ጫፍ ላይ የልጆች ጉልበት እንዳይላጥ ክብ ተደርጎ ተልጓል። ቀለሙ የማር ነው። አፈ ቀላጤ ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። አጎቴም አልቀረም።

የመለካቱ ተራ ሲደርስ የአባቴን ዴስክ የሚለካው ከተጫራቾቹ አንዱ፣ አንድ ቀጭን አናጢ ሆነ። ይህ ሰው ሙያውን የተማረው ከአባቴ ዘንድ አራት ዓመት ሠርቶ ነው፤ ሲያገባም በአባት ቦታ የቆመለት አባቴ ነው። አሁን የራሱ ወርክሾፕና አራት ልጆች አሉት። ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ዋጋው ከአባቴ ዋጋ ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለተኛ ወጥቷል። አባቴ ከወደቀ ሥራው የእሱ ነው።

ከፍታውን ለካ፤ ልክ ነው። የጠረጴዛውን ስፋት ለካ፤ ልክ ነው። ከዚያም ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋ። ለሁለት ልጅ የሚሆን ዴስክ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ይሁን የሚል ነው ዝርዝሩ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያ ዴስክ ከሦስቱ በርዝመትም መብለጡን በዓይኑ ያያል። ቀጭኑ አናጢ ጎንበስ እንዳለ አንድ ጊዜ ወደ አባቴ ተመለከተ።

"አንድ ሜትር ከሃያ" አለ።

በራሱ ላይ ነበር የዋሸው። እንጀራውን በራሱ አፍ መለሰ። ያሳደገኝን ሰው በሜትር ልጣለው እንዴ የሚል ይሉኝታ ነው የያዘው፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠራ ደግሞ ጨዋ ሰው ብቻ ነው። የአክስቴ ሥርዓት ባላንጣ አንዲት ጣት አይሰርቅም የሚል ነበር። ባላንጣው ለባላንጣው አርባ ሳንቲ ሜትር ይሰጣል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ኮሚቴው ወረቀቱን ያያል። እሷ ዝም ብትል ያለቀ ነገር ነው። ማን ይከሳታል? የለካው ባላንጣው፣ የተናገረው ባላንጣው ነው። የወንድሟ ወርክሾፕ ይተርፋል፤ ዘመድ ይመርቃል፤ ከኋላ የተቀመጠውም ሰው እግሩን እንዳነባበረ ይወጣል።

"ድገመው" አለች አክስቴ።

"አንድ ሜትር ከሃያ ነው እኮ፣ እትዬ" አለ ቀጭኑ አናጢ፤ ሜትሩን ጠቅልሎታል።

ወደ ሜትሩ እጇን አልዘረጋችም፤ አልነካም ብላ ጽፋለች። መነጽሯን አወለቀችና ወደ አባቴ ዞረች። በሥራ ቦታ በዘመድ ስም ጠርታው የማታውቀው ሴት እንዲህ አለች፦

"ጋሼ፣ አንተ ለካልን።"

አባቴ ተነሣ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፣ መልሶ ሰካው። ሜትሩን ከቀጭኑ አናጢ እጅ ተቀበለና፣ ትከሻውን አንድ ጊዜ መታ መታ አድርጎለት፣ በዴስኩ ላይ ዘረጋው። ለደንበኛ እንደሚለካ ሰው ዓይኑን ወደ ቁጥሩ አቀረበ።

"አንድ ሜትር ከስድሳ" አለ። ከዚያም ቀና ሳይል "ልጆቹ የሚቀመጡት ሦስት ሦስት ሆነው ነው። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ አይቻቸዋለሁ" ብሎ ጨመረ።

መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከጠየቅነው በልጦ ከመጣ ምን ክፋት አለው፣ በዚያው ዋጋ አይደለም ወይ አለ። ከኋላም ጎሽ፣ ልክ ነው የሚል ድምፅ ተሰማ። አክስቴ መነጽሯን መለሰች።

"በልጧል። እኔም ልጄን እዚያ ላይ ባስቀምጥ ደስ ይለኛል" አለች። "ግን እነዚህን ሦስት ሰዎች ሁለት ልጅ የሚያስቀምጥ ሥሩ ነው ያልናቸው። ሦስት ብንላቸው ኖሮ እነሱም ሦስት ይሠሩ ነበር።"

ከዚያ ጻፈች። ከጎኗ ቆሜ ስለነበር አየሁት፤ "ከዝርዝሩ ውጭ" የሚለው ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። ብዕሩን ከድና ወረቀቱን ለመሐንዲሱ አስተላለፈችለት።

ሥራው ለቀጭኑ አናጢ ሆነ። እጁን የሚጨብጠው ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለው ሐዘን ላይ እንደተቀመጠ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር። አባቴ ዴስኩን ከሁለት ሠራተኞቹ ጋር ተሸክሞ ወጣ፤ ደረጃው ላይ እንዳይጋጭ ቀስ፣ ቀስ እያለ።

አፈ ቀላጤ በሳምንቱ የቆርቆሮውን ወረቀት ሊወስድ ሲመጣ ከጥጉ ላይ "ጨረታ ይውጣ" የሚል ተጽፎበት ጠበቀው። ተቀመጥ ብትለው አልተቀመጠም። ወንድምሽን እንኳ የጣልሽ ሴት ነሽ፣ አንቺን ምን ይሉሻል ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ስድብ ነው ብሎ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት ለማንም ሲሰጥ አልሰማሁም። ጣሪያዎቹ ከምርጫው በኋላ በጨረታ ተሠሩ። የእሷ የደረጃ እድገት ግን አምስት ዓመት ተኛ።

ቤታችን ውስጥ አባቴ ስሟን አላነሣም። እሷም አምስት እሑድ ሙሉ አልመጣችም። የመላጊያ ማሽኑ ተሸጠ፤ አንዱ ሠራተኛ ሌላ ቦታ ገባ። በቢሮ በር ላይ ስንገናኝ "አባትዎ ደህና ናቸው?" ትለኛለች፤ ደህና ናቸው እላታለሁ፤ እንዲህ ሆነን ከረምን።

በስድስተኛው ሳምንት ምሳ ይዤለት ወርክሾፑ ስደርስ አጎቴ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ማሽኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ በከዘራው እየጠቆመ ነበር የሚያወራው። እንዳላልኩህ አይደለም፤ ያሳደግሃት እህትህ በሕዝብ ፊት፣ ያውም በገዛ እጅህ አስለክታ፣ ከበር ገፈተረችህ፤ የውሻ ልጅ ብታሳድግ ይህን አታደርግህም አለው።

አባቴ በእጅ መላጊያ አንድ ሳንቃ ይልግ ነበር። እስከ ጫፍ አድርሶ አቆመ። ሽራፊውን እፍ ብሎ አራገፈና አውራ ጣቱን በሳንቃው ላይ አሳለፈ።

"እሷን ያሳደግሁ እኔ ነኝ" አለ። "የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሥራዬ ነበር የቀረበው። አንዱ አርባ ሳንቲ ሜትር ረዘመ። ሁለተኛው ግን ልክ ነበር። ምኑን ነው የማማው?"

አጎቴ ከዘራውን ሰብስቦ ተነሣ። ምክሩን ሳይጨርስ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ዴስኩን በእጅ ጋሪ ጭኖ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቆመ። ዘበኛው ጠራኝ፤ እኔ አክስቴን ጠራኋት። ወርዳ ከዴስኩ ፊት ስትቆም ስድስት ሳምንት ያልተያዩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ሰላምታውን ዘለሉት።

"ከተጫራች ስጦታ አልቀበልም፤ ጋሼ።"

"ተጫራች አይደለሁም። ጥለሽኛል እኮ።"

ዘበኛው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እሷ ግን እየሳቀችም እምቢ አለች። ለአንቺ ሳይሆን ለማዘጋጃ ቤቱ ነው የምሰጠው ካልክ ጻፍበት፣ መዝገብ ቤት አስገባ፣ ቁጥር ይውጣለት አለችው። ወደ እኔ መስኮት መጥቶ ቆሞ ጻፈ። ደብዳቤውን ዛሬም በቃሌ እላለሁ፦ "አንድ ዴስክ፣ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ። ለባለ ጉዳይ መቀመጫ ይሁን። መልስ አያስፈልገውም።" ተቀብዬ ማኅተም መታሁበት። አባቴን አንቱ ያልኩት በዚያ ቀን ነው፤ "እዚህ ላይ ይፈርሙ" ስለው ኮስተር ብሎ ፈረመ። ዴስኩ ከመዝገብ ቤት በር ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ከመቀመጫው ሥርም የንብረት ቁጥር ተጻፈበት። እሑድ አክስቴ ቤታችን መጣች።

በዓመቱ ሌላ የዴስክ ጨረታ ሲወጣ ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ትምህርት ቤቶቹን ራሷ ዞረች። ሦስት ሦስት ሆነው ነበር የሚቀመጡት፤ መሐል ያለው ልጅ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። አዲሱ ዝርዝር አንድ ሜትር ከስድሳ አለ። ተጫራቾች ሁሉ ከመዝገብ ቤት በር ላይ ያለውን ዴስክ እየለኩ፣ ማጋጠሚያውን በጣታቸው እየዳሰሱ ሲሄዱ ከመስኮቴ አይ ነበር። ቀጭኑ አናጢ ሲያልፍ ጫፉን መታ መታ ሳያደርገው አያልፍም። አባቴ አልተጫረተም። እሷ እዚያ ክፍል እስካለች ድረስ ሰው ሜትሯን በእኔ ምክንያት በጥርጣሬ ማየት የለበትም አለ። ወርክሾፑ በሁለት ሠራተኛና በእጅ መላጊያ ቀጠለ፤ አልከሰረም፣ አልከበረምም።

ጡረታ በወጣችበት ዕለት ሠራተኛው አዋጥቶ ባለ መደገፊያ ወንበር ሸለማት። ገልብጣ የእግሩን ማጋጠሚያ ካየች በኋላ ስንት ተጫራች ነው የቀረበው ብላ ጠየቀች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የክፍሏን ቁልፍና የቀዩን ሳጥን ቁልፍ አስረከበች። ሜትሩን ከምስማሩ ላይ አውርዳ በጨርቅ ወልውላ መልሳ ሰቀለችው።

ስትወርድ አባቴ ሊወስዳት መጥቶ በገዛ ዴስኩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። ጠጋ በል አለችውና ከጎኑ ተቀመጠች። እኔንም በመስኮቱ በኩል ጠሩኝ፤ ወጥቼ መሐላቸው ገባሁ። ሦስታችንም ሳንጨናነቅ ክርናችንን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን።

"ይበቃል አይደል?" አለ አባቴ።

አክስቴ በግራ በኩል የቀረውን ቦታ በዓይኗ ለካች። "ሁለት ጣት ይተርፋል" አለች።